ከነገ ጀምሮስ ወዴት ይሄዳል?

አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ከትምህርት ቤት በኋላ ለሚጠብቃቸው ሕይወት ስለ ማዘጋጀት

የትምህርት ዘመን ሲዘጋ በየትምህርት ቤቱ የሚደረገውን በዓል ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳስ ይጣላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ተማሪዎች ይዘምራሉ፣ እንግዶች ንግግር ያደርጋሉ፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይታደላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቦዲቲ አካባቢ በተደረገ እንዲህ ባለ በዓል ላይ ከተጋበዙት መካከል ነበርን። ስማቸው ከተጠራው ተማሪዎች አንዱ በሁለት ክራንች እየተራመደ ወደ መድረኩ ሲወጣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ጭብጨባውም ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ረዘመለት። እኛም አጨበጨብን፤ ልባችንም ተነካ።

በዓሉ አልቆ ለመሄድ ስንዘጋጅ የልጁ እናት ቀረቡን። በወላይትኛ የነገሩን ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ የሚል ነበር፦ ‹‹አባቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ እስከ ዛሬ ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ነበረው። ከነገ ጀምሮስ ወዴት ይሄዳል?›› እኛም ‹‹እግዚአብሔር ያውቃል›› ብለን ተሰናበትናቸው። የተናገርነው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ያን ቃል ያወጣነው በእግዚአብሔር ስለ ታመንን ሳይሆን መልስ ስላልነበረን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያን ቀን ሳንመልሰው የሄድነውን ጥያቄ ለመመለስ እንሞክራለን።

የተጀመረውና ያልተፈጸመው

በአገራችን አካል ጉዳተኛ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ማድረስ ራሱ ብዙ ድካም የጠየቀ ሥራ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው በጓዳ መደበቅ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ መቀመጥ ነበር። በሰበታ የተከፈተው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት፣ በሻሸመኔ የሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ በጎረቤታችን በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመው ትምህርት ቤትና እነዚህን የመሰሉ ሌሎችም ‹‹አይማርም›› የተባለው ልጅ ሊማር እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቹ ከሰፈራቸው ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዝዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 በቅጥር ጊዜ የሚደረገውን አድልዎ ከልክሏል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው የተመቸ እንዲያደርግ አስገድዷል፤ ተወዳዳሪዎች ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ሲያገኙም ለአካል ጉዳተኛው ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጓል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተቀብላ አጽድቃለች። ይሁን እንጂ ሕግ በሩ እንዳይዘጋ ያዝዛል እንጂ ሰውን ከቤቱ አንሥቶ እስከ በሩ አያደርስም። ለማይወዳደር ሰው የቅድሚያ ነጥብ ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህም ቀድሞ የሚመጣ ችግር አለ፤ እርሱም አለመቈጠር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቈጠራ አካል ጉዳተኛ ተብለው የተመዘገቡት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ ግን ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ ከአንድ ዓይነት የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምተዋል። ልዩነቱ በከፊል ከአቈጣጠር ዘዴው የመጣ ነው። ነገር ግን ቈጣሪው ከደጅ ቆሞ ‹‹ስንት ልጆች አሏችሁ?›› ብሎ ሲጠይቅ ስማቸው ያልተነገረ ልጆች በየመንደራችን እንደ ነበሩ የምናውቅ እናውቃለን።

ራስን መቻል ምን ማለት ነው?

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። አካል ጉዳተኛውን ተማሪ የምናዘጋጀው ‹‹ራሱን እንዲችል›› ነው እንላለን። ራስን መቻል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ሰው ስንል የማንንም እጅ የማያይ፣ ሁሉን ነገር ለብቻው የሚፈጽም ሰው በሐሳባችን ይመጣል። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ግን በቦዲቲም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ራሱን የቻለ ሰው አይገኝም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ጎጆ የሚሠራው በደቦ ነው። እንሰት ሲፋቅ እናቶች ይጠራራሉ። ገንዘብ የቸገረው ዕቁብ ይገባል፤ ሐዘን የደረሰበት ደጁ ላይ የዕድሩን ድንኳን ያገኛል። ይህን ሁሉ እርዳታ ስለ ተቀበለ ግን ማንም ‹‹ራሱን ያልቻለ ነው›› አይለውም። ለምን ቢባል፣ እርሱም በተራው ለሌላው ይደርሳልና ነው። ዛሬ የመጡለትን ነገ ይሄድላቸዋል።

እንግዲህ ራሱን በቻለውና ባልቻለው ሰው መካከል ያለው ልዩነት አንዱ የሚረዳ ሌላው የማይረዳ መሆኑ አይደለም፤ ሁላችንም ተረጂዎች ነንና። ልዩነቱ በተራ ላይ ነው። አካል ጉዳተኛው ወገናችን የተነፈገው ብዙ ጊዜ እርዳታ አይደለም፤ ተራው ነው። ሁልጊዜ ይመጡለታል፤ እርሱ ግን ወደ ማንም እንዲሄድ አይጠበቅም። የዕድር መዝገብ የሚጻፈው በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ነው። በወላጆቹ ቤት ተቀምጦ የጎለመሰ አካል ጉዳተኛ በሞተ ጊዜ ዕድሩ ይቀብረዋል፤ በሕይወቱ ሳለ ግን ለሌላው ሐዘን መዋጮ አውጥቶ፣ ስሙ ሲጠራ ‹‹አለሁ›› ብሎ አያውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ከሃምሳው መካከል ለእርሱ አንዲቱን ሎሚ ያላስያዝነው ሸክሙን ስላቀለልንለት ይመስለናል፤ ነገር ግን ጌጡንም አብረን ወስደንበታል።

በሩቅ አገር የኖረ የአንድ ሰው ታሪክ ይህን ሐሳብ ይበልጥ ያብራራዋል። ኤድ ሮበርትስ የተባለ አሜሪካዊ በ14 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1953 በፖሊዮ ተይዞ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ለመተንፈስ እንኳ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። የካሊፎርኒያ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ‹‹ይህ ሰው ሥራ ሊሠራ የማይችል ነው›› ብሎ ትምህርቱን ለመርዳት አመነታ። እርሱ ግን ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ከጓደኞቹ ጋር በበርክሌይ ከተማ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩትን ማዕከል መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ያው ‹‹አይሠራም›› ያለው የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ይህ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የሚያለብሰውና የሚያጎርሰው ረዳት ያስፈልገው ነበር። ሆኖም መቼ እንደሚነሣ፣ የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ራሱ ነበር፤ ለብዙዎችም ተርፏል። ስለዚህ ራስን መቻል ሁለት ነገር ነው ማለት እንችላለን፦ አንደኛው ስለ ራስ ሕይወት መወሰን፣ ሁለተኛው ለሌላው የሚያዋጡት ነገር መያዝ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአእምሮ ዕድገቱ እጅግ ውስን የሆነና ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ፈጽሞ ሊሠራ የማይችል ልጅ አለ። ተራ የሌለው ሰው ሰው አይደለም ልንል ነውን? አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ‹‹ላቦሬም ኤክሰርሰንስ›› በተባለው መልእክታቸው ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልተፈጠረ አስተምረዋል። በዚያው መልእክት በቁጥር 22 አካል ጉዳተኛው ሙሉ መብት ያለው ሰው መሆኑን አስታውሰው፣ ወደ ሥራ የሚገቡት አካላቸው ሙሉ የሆነ ብቻ ቢሆኑ ይህ የብርቱው በደካማው ላይ የሚያደርገው ከባድ አድልዎ እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል። ሰው የሚከብረው ስለሚሠራ አይደለም፤ ክቡር ስለ ሆነ ግን ሥራ ይገባዋል። ደመወዝ ሊያገኝ የማይችለውም ልጅ ጠዋት ዶሮዎቹን መግቦ፣ ለእንግዳ ውኃ አቅርቦ ‹‹ይህ የእርሱ ሥራ ነው›› ሲባልለት ተራው ደርሶታል።

የርኅራኄ ወጥመድ

ተራውን የነፈገው ማን ነው? ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የነፈጉት የሚወዱት ናቸው። እናት ዓይነ ስውር ልጅዋ እሳት እንዳያቃጥላት ምጣድ አታስነካትም። አባት በዊልቸር የሚሄደውን ልጁን ሰው እንዳያይበት ገበያ አይልከውም። መምህሩ ‹‹ይበቃዋል›› ብሎ ያልተገባ ነጥብ ይጨምርለታል። ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርሱ ከሒሳብና ከተፈጥሮ ሳይንስ የሚርቁት አእምሯቸው ስላነሰ ሳይሆን ትምህርቱ በመዳሰስ የሚሰጥበት መሣሪያ ስላልቀረበላቸው ነው፤ እኛም ይህን መተው ‹‹ማዘን›› ብለን ስም አውጥተንለታል።

ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ቦዲቲን አቋርጦ ያልፋል። የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው ይተላለፍበታል። ዓይነ ስውር ወጣት በነጭ በትሩ ይህን መንገድ ለብቻው እንዲሻገር መፍቀድ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ሆኖም ማዶ ያለውን ገበያ፣ ማዶ ያለውን መሥሪያ ቤት፣ ማዶ ያለውን ጓደኛ ሁሉ አብረን ከለከልነው ማለት ነው። ማየት የሚችለውንም ልጅ መንገድ መሻገር ያስተማርነው ፍርሃታችን ስላለቀ አልነበረም፤ እጁን ይዘን ደጋግመን ካሻገርነው በኋላ አንድ ቀን እጁን ለቀቅነው። አካል ጉዳተኛው የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ ረዘም ያለ ልምምድ፣ ከዚያም የሚለቅቀው እጅ።

ወንጌል በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ስለሚለምነው ስለ በርጤሜዎስ በሚተርክበት ቦታ ሁልጊዜ የሚያስደንቀን ነገር አለ። ሕዝቡ ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታ ግን አስጠራውና ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። ዓይነ ስውር የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ ማን ያጣዋል? ሆኖም ጠየቀው፤ ፈቃዱን ከራሱ አፍ ሰማ። እኛ አካል ጉዳተኞችን የምናገለግል ሰዎች ከሁሉ አብዝተን የዘነጋነው ይህን ጥያቄ ነው።

የትነበርሽ ንጉሤ የብዙዎቻችን ጎረቤት በሆነው በሻሸመኔው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረች ናት። በወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። በኋላ ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ አካል ጉዳተኞች ወደ ሥራና ወደ ልማት እንዲገቡ የሚሠራ ማዕከል ካቋቋሙት አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እርሷን የምንጠቅሰው ሁሉም እንደ እርሷ ይሆናል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሰዎች ሆነው ስለ እርሷ ‹‹ምን ይበቃታል?›› ብለው ብቻ ቢወስኑ ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ሌሎች የምትሟገተው ሴት አትኖርም ነበር።

ምን ዓይነት ሥራ?

ስለ ሥራ ሲነሣ በየቦታው የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ ለዓይነ ስውር መጥረጊያና ቅርጫት፣ መስማት ለተሳነው ስፌት፣ በክራንች ለሚሄደው ጫማ መጥረግ። እነዚህ ሥራዎች የሚናቁ አይደሉም። ጥያቄው ሥራውን የመረጠው ማን ነው፣ የሚገዛውስ ማን ነው የሚለው ነው። በበዓል ቀን እንግዶች እያዘኑ የሚገዙት ቅርጫት በሚቀጥለው ሳምንት ገዢ አያገኝም። በርኅራኄ የተገዛ ዕቃ ሁለተኛ አይገዛም። ስለዚህ ተማሪው ከመሠልጠኑ በፊት ገበያውን ማጥናት፣ ሥራውም ለገዢው የሚጠቅም መሆኑን ማረጋገጥ የአሠልጣኙ ግዴታ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመርበታል። በወላይታ ሸክላ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀውና ብረት የሚቀጠቅጠው ለዘመናት ከሌላው ጋር በጋብቻ ሳይተሳሰር፣ በማኅበርም ዝቅ ተደርጎ ኖሯል። በማሰሮው እያበሰልን፣ በማረሻው እያረስን ሠሪውን ንቀናል። ታዲያ የእጅ ሥራን በምንንቅበት አገር አካል ጉዳተኛውን የእጅ ሥራ ብቻ ስናስተምረው አንድ ንቀት በሌላ ንቀት ላይ እየጨመርንበት እንዳይሆን ያሰጋል። መፍትሔው የእጅ ሥራን መተው አይደለም፤ ሁለቱንም ንቀት አብሮ ማፍረስ ነው። ለአካል ጉዳተኛው የምንመርጠውን ሙያ ለገዛ ልጃችን ለመምረጥ የማንደፍር ከሆነ ጉድለቱ በሙያው ሳይሆን በልባችን ነው።

ለዚህ የሚሆን መልካም ምሳሌ ከራሳችን ምድር አለ። በቀዩ አፈራችን ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት በወላይታ ብዙ ሰው አጥቅቷል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ሊከላከሉት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሕመምተኞቹ ከትምህርት ቤት፣ ከጋብቻና ከጉባኤ ሲገለሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሶዶ የተጀመረው ‹‹ሞሲ ፉት›› የተባለው ድርጅት ሕመምተኞቹን ከማከም አልፎ አንዳንዶቹን ጫማ መሥራት አስተማረ። እዚህ ላይ የተራው ነገር ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ በጫማ እጦት የተጎዳው ሰው ሌላው እንዳይጎዳ ጫማ ይሰፋል። ገዢው የሚገዛው አዝኖ ሳይሆን ጫማው ስለሚያስፈልገው ነው።

‹‹ለጤነኛውስ ሥራ የት አለ?››

ይህን ስንናገር የሚቀርብልን ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ‹‹በወላይታ መሬት ጠቧል። ዲግሪ ይዘው የተቀመጡ ጤነኛ ወጣቶች በየቤቱ አሉ። ለእነርሱ ያልተገኘ ሥራ ለአካል ጉዳተኛው ከየት ይመጣል?›› ይባላል።

መልሳችን እንዲህ ነው። ጤነኛው ወጣት ሁሉ በር ቢዘጋበት አንድ የመጨረሻ በር ይቀርለታል፤ እርሱም ጉልበቱ ነው። ቀደም ባሉት ዘመናት የወላይታ ሰው ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ የስኳር እርሻዎች ወርዶ በጉልበቱ ቤተ ሰቡን አኖረ፤ ዛሬም ልጆቻችን ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ድንጋይ ይሸከማሉ፣ ጫማ ይጠርጋሉ። አካል ጉዳተኛው ይህ የመጨረሻ በር የለውም። በትምህርቱና በሙያው ካልሠራ የሚቀረው ጓዳ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ስለዚህ የሥራ እጥረት ዝግጅቱን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም፤ ይልቁንም ለማፋጠን የሚያስገድድ ምክንያት ነው። የምንጠይቀው ከጤነኛው ቀድሞ እንዲቀመጥ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ወደ መሰለፊያው እንዲደርስ ነው።

ከየት እንጀምር?

ዝግጅቱ በምረቃው ማግስት ሊጀመር አይችልም። የአሜሪካ ሕግ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ከትምህርት በኋላ ስለሚኖረው ሕይወት በጽሑፍ ዕቅድ እንዲወጣለት ያዝዛል። እኛ እንዲህ ያለ ወረቀት ባይኖረንም፣ ልጁ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ወላጆች፣ መምህርና ተማሪው ራሱ አንድ ቀን አብረው ቢቀመጡ የሚያስወጣን ገንዘብ የለም። ‹‹ምን ትወዳለህ? ምን ትችላለህ? ምን ይከብድሃል?›› ብሎ መጠየቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የመጀመሪያው ማሠልጠኛ ይሁን። ልብሱን ይጠብ፤ ወጡን ይሥራ፤ ገንዘብ ይቍጠር፤ ገበያ ሄዶ ይከራከር። በየክረምቱ ለሁለት ወር ከልብስ ሰፊ፣ ከፀጉር አስተካካይ፣ ከስልክ ጠጋኝ ወይም ከሱቅ ዘንድ ይዋል፤ በሦስት ክረምት ውስጥ የሚወደውንና የማይሆነውን ራሱ ይለያል። በገጠር የሚኖረውም በወላይታ ኮታ በሚባለው ከብትን በጋራ የመያዝ ልማድ አንዲት በግ በስሙ ይዞ ማርባት ሊጀምር ይችላል። ዕድሜው ሲደርስ መታወቂያውም፣ የባንክ ደብተሩም በስሙ ይሁን። አባት መሬት ሲያካፍል ‹‹እርሱን ወንድሞቹ ይጦሩታል›› ብሎ አይለፈው፤ መሬት ያልደረሰው ሰው ጦሪው በሞተ ቀን ወዴት ይገባል?

ቁምስናዎቻችንና ማኅበሮቻችንም የሚጠበቅባቸው አለ። በእሑድ ምጽዋት የምንሰጠውን እጅ እናውቀዋለን፤ ያንን እጅ ለመቅጠር፣ ከእርሱ ለመግዛት፣ ልብሳችንን ለእርሱ አምጥተን ለማሰፋት ስንቶቻችን አስበናል? የዕድር ሹማምንትም በወላጆቹ ቤት የሚኖረውን ጎልማሳ አካል ጉዳተኛ በራሱ ስም አባል አድርገው ለመመዝገብ ቢስማሙ፣ መዋጮው ትንሽ ቢሆንም የሚሰጠው ክብር ትልቅ ነው።

ያቺ እናት ዛሬ ቢጠይቁን ‹‹እግዚአብሔር ያውቃል›› ብለን አንሸኛቸውም። እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኛም ልናውቅ ይገባን ነበር። ‹‹እናታችን፣ ነገ ጠዋት ከገበያው አጠገብ ወዳለው ልብስ ሰፊ ይሂድ፤ ተነጋግረንለታል›› ብንላቸው ምንኛ ባማረ! ይህን ለማለት ግን ከሦስት ዓመት በፊት መነጋገር ነበረብን። የሚቀጥለው በዓል ሳይደርስ፣ አሁን ሰባተኛ ክፍል ስለ ተቀመጡት እንነጋገር።